የምግብ መመረዝ ካሳ

የምግብ መመረዝ ካሳ የተበከለ፣ የተበላሸ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ወይም መጠጥ ተጠቅሞ የታመመ ሰው፣ ወይም በዚሁ ምክንያት የሞተ ሰው ቤተሰብ፣ ምግቡን ካመረተው፣ ካዘጋጀው ወይም ከሸጠው ወገን በሕግ የሚጠይቀው ክፍያ ነው። በኢትዮጵያ የመብቱ ዋና ምንጭ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የወንጀል ሕጉ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ እና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም ከጉዳዩ ጋር ይገናኛሉ። ሕጉ በጽሑፍ ሲነበብ ለተጎጂው የሚያደላ ነው። ክሱ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ የመጣው ከዚያ ምግብ መሆኑን ማስረዳት ላይ።

የበሽታው ጠባይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፣ 420,000 ያህሉ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 125,000 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። መንስኤው ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ጥገኛ ተሕዋስ፣ የሻጋታ መርዝ ወይም ኬሚካል ሊሆን ይችላል።

ለካሳ ጥያቄ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ምግቡ ከተበላበት ሰዓት አንስቶ ሕመሙ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ነው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ይወስድበታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው የኢ. ኮላይ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ደግሞ ከ15 እስከ 50 ቀን ሊደበቅ ይችላል። የታመመ ሰው ሁልጊዜ የሚጠረጥረው በመጨረሻ የበላውን ምግብ ነው፤ ትክክለኛው ተጠያቂ ግን ከትናንት በስቲያ የበላው ክትፎ ሊሆን ይችላል። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ይህ ልዩነት ክስን ያጸናል ወይም ያፈርሳል።

የሕጉ መሠረት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነትን በሦስት ምንጮች ይከፍላል፦ በራስ ጥፋት፣ ጥፋት ሳይኖር በሕግ የሚጣል፣ እና ለሌላ ሰው ሥራ የሚከፈል። የምግብ መመረዝ ሦስቱንም ይነካል።

በጥፋት ላይ የተመሠረተው ክስ የተለመደው ነው። በአንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይክሳል። ጥፋቱ ሆን ተብሎ ወይም በቸልተኝነት ሊፈጸም ይችላል። አንቀጽ 2031 አንድን ሙያ ወይም ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራውን ደንብ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 2035 ደግሞ በግልጽ የተጻፈን ሕግ ወይም ደንብ መጣስ ራሱ ጥፋት መሆኑንና ሕጉን አላውቅም ማለት እንደማያድን ይደነግጋል። ስለዚህ በሐሰተኛ ማሸጊያ የተሸጠ ዘይት ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ ዱቄት ጉዳት ቢያደርስ ደንቡ መጣሱን ማሳየት ጥፋቱን ለማስረዳት ይበቃል።

ከዚህ የሚጠነክረው አንቀጽ 2085 ነው። ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከሳሹ የአምራቹን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅበትም። አንቀጽ 2086 እንደሚለው አምራቹ «ጥፋት የለብኝም»፣ «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» ወይም «ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው» ብሎ አያመልጥም፤ የሚያመልጠው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ሲሆን ነው። ሌላው መውጫ በራሱ በአንቀጽ 2085 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ አለ። ጉድለቱ ዕቃው በተለመደው መንገድ ቢመረመር ሊታይ የሚችል ከነበረ ኃላፊነት የለም። ያበጠ የታሸገ ጣሳ ከፍቶ የበላ ሰው በዚህ ሊረታ ይችላል፤ ሳልሞኔላ ያለበትን ወተት የጠጣ ግን አይረታም፣ ባክቴሪያ በዓይን አይታይምና።

«የተለመደ አኳኋን» የሚለው ሐረግ በኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም ይኖረዋል። በብዙ አገሮች ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚሸጠው ተበስሎ ይበላል ተብሎ ስለሆነ ሻጩ «ማብሰል ነበረበት» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሥጋ ቤቱ ራሱ ቁርጥ በቢላዋና በሚጥሚጣ በሚያቀርብበት አገር ግን ጥሬውን መብላት የተለመደው አጠቃቀም ነው። ተከሳሹ በዚህ መንገድ ለማምለጥ ይቸገራል።

አንቀጹ የሚጠብቀው ገዢውን ብቻ አይደለም። ሒሳቡን የከፈለው ጓደኛ ሆኖ የታመመው ተጋባዡ ቢሆንም ተጋባዡ ከአምራቹ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ተመጋቢው ራሱ ከምግብ ቤቱ ጋር በቀጥታ ውል ካለው ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አንቀጽ 2037 ውልን አለመፈጸም ከውል ውጭ ኃላፊነት እንደማያስከትል ስለሚናገር፣ ክሱ በውል ሕግ ይታይ ወይስ ከውል ውጭ በሚለው ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል።

ለትርፍ ያልቀረበ ምግብ ከአንቀጽ 2085 ውጭ ነው። በሰርግ፣ በክርስትና፣ በተዝካር ወይም በማኅበር ድግስ ላይ የታመመ ሰው ደጋሹን መክሰስ ቢፈልግ ጥፋቱን ማስረዳት አለበት። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ድግስ የሚሰናዳው በጎረቤት ጉልበት ነው፤ አንዷ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሌላዋ ወጥ ትሠራለች፣ እንጀራው ከአሥር ቤት ይሰበሰባል። የትኛው ድስት እንደበከለ ቢታወቅ እንኳ ጎረቤቱን የሚከስ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ያልቃል ወይም ዝም ይባላል። ድግሱን በክፍያ ያሰናዳ ድርጅት ካለ ግን አንቀጽ 2085 ተመልሶ ይመጣል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ስለሚሆን፣ እጁን ሳይታጠብ ሰላጣ የከተፈው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ድርጅቱ ይጠየቃል።

ማስረጃ

አንቀጽ 2141 የማስረዳቱን ሸክም በካሳ ጠያቂው ላይ ይጥላል። ከሳሹ የሚያስረዳው የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ ነው። በአንቀጽ 2085 ጥፋትን ማስረዳት ቢቀርም፣ ሕመሙን ከምግቡ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ግን አይቀርም።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ተሳፋሪ ቡሬ ላይ ለምሳ ወረደ እንበል። ምሳው ላይ ዶሮ ወጥ በላ። ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ሌሊቱን ማስመለስና ተቅማጥ ጀመረው። በማግሥቱ መድኃኒት ቤት ገብቶ ፀረ ተሕዋስያን ገዝቶ ወሰደ፣ ሲብስበት በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄደ። ይህ ሰው ምናልባት እውነተኛው ምክንያት ቡሬ የበላው ወጥ ሊሆን ይችላል፤ ክሱ ግን ከወዲሁ ተዳክሟል። ፀረ ተሕዋስያኑ የሰገራ ካልቸር ምርመራ ባክቴሪያውን እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል። ወጡ አልቋል፣ ድስቱ ታጥቧል። አብረውት በአንድ ማዕድ የበሉት ተሳፋሪዎች በየፌርማታው ወርደው ተበትነዋል፣ ስማቸውንም አያውቅም። ደረሰኝም አልተቀበለም።

ያው ሰው ምሳውን በቴሌብር ከፍሎ ቢሆን ኖሮ የክፍያው መልእክት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተከፈለውን ወገን ያሳይ ነበር። በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ደረሰኝ ሳይቆረጥ በሚበላበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአውቶቡስ ትኬትም በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ላይ መኖሩን ያስረዳል።

የሕክምና ማስረጃው ዋናው ሰነድ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ የታመመ ሰው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲመዘገብ፣ ካርዱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና ባለፉት ሦስት ቀናት የበላው ምግብ ቢጻፍ በኋላ ከሚገኘው ምስክርነት ይበልጣል። «አጣዳፊ የጨጓራና የአንጀት ሕመም» የሚል ምርመራ መታመሙን እንጂ ምንጩን አያሳይም። ምንጩን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ይህም የሚሆነው ያው ተሕዋስ ከታማሚውም ከምግቡም ሲገኝ ነው። የተረፈ ምግብ ካለ በንጹሕ ዕቃ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ (በረዶ ሳይሆን) ተቀምጦ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መሰጠት አለበት። ግለሰብ ራሱ ናሙና ወስዶ ቢያስመረምር ተከሳሹ «ከእኔ ቤት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ይላል። በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ተፈርሞ የተወሰደ ናሙና ይህን ጥያቄ ይዘጋዋል። ከወረዳ አቅም በላይ የሆነ ምርመራ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

የላቦራቶሪ ውጤት ከሌለ ክሱ የግድ ይወድቃል ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ክርክር የሚፈለገው ሚዛን የደፋ ማስረጃ ነው እንጂ እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ የጸዳ አይደለም። ከአንድ ምግብ ቤት የበሉ፣ በሌላ ነገር የማይገናኙ ሰዎች በተቀራራቢ ሰዓት በአንድ ዓይነት ምልክት ከታመሙ፣ ያልበሉት ደግሞ ጤነኛ ከሆኑ፣ ይህ ራሱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የወረርሽኝ አጥኚዎችም የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው። ብቻውን የታመመ ሰው ግን ይቸገራል።

ተከሳሾች ከሚያነሷቸው መከላከያዎች መካከል አንዱ ከጾም ጋር ይያያዛል። ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልቀመሰ ሰው በፋሲካ ማግሥት ሲታመም «ሆዱ ስላልለመደ ነው» ማለት ቀላል ነው። ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የብዙ ሰዎች መታመም ግን በዚህ አይገለጽም።

የካሳው መጠን

አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። የሕክምና፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ፣ የቀረ ደመወዝ ወይም ገቢ ይቆጠራል። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም በአንቀጽ 2092 አሁኑኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ ኩላሊቱን የጎዳው ሕፃን የሚያስፈልገው ቀጣይ ሕክምና። ተጎጂው ከሞተ በአንቀጽ 2095 ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ ይወስናል። ይህ አንቀጽ ደረሰኝ ለማይሰጥና ገቢው በወር ለማይቆጠር ገበሬ ወይም የጉልት ነጋዴ ትልቅ ጥቅም አለው።

በስቃይ ለሚጠየቀው የህሊና ጉዳት ካሳ ግን ሕጉ በአንቀጽ 2116 ጣሪያ አስቀምጦለታል፦ 1,000 ብር። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር ጣሪያው 400 ዶላር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀና አንድ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ያው ጣሪያ 10 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ማስተካከያ የሚያስፈልገው መሆኑም ግልጽ ነው።

በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው አሥር ቀን ቢተኛ 3,000 ብር ያጣል። ለሕክምና 2,400፣ ለመጓጓዣ 600 ብር ቢያወጣ ቁሳዊ ጉዳቱ 6,000 ብር ነው። የህሊና ካሳው እስከ ጣሪያው ቢፈቀድለት እንኳ ጠቅላላው 7,000 ብር ይሆናል። ለዚህ ገንዘብ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ዳኝነት ከፍሎ፣ ከሥራው እየቀረ በቀጠሮ መመላለስ ያዋጣዋል ወይ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ቀለል ያለ ሕመም ፍርድ ቤት የማይደርስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክስ አቀራረብና ይርጋ

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ ጉዳቱ በተፈጸመበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ባሕር ዳር የሚኖረው ተሳፋሪ ቡሬ ያለውን ምግብ ቤት ለመክሰስ ወደ ቡሬ መመለስ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። እንደ ክሱ ገንዘብ መጠን ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት ወይም በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። የማስረጃ ዝርዝር ከክስ ማመልከቻው ጋር አብሮ መያያዝ አለበት። የዳኝነት ክፍያ አቅም የሌለው ሰው በአንቀጽ 467 መሠረት በድኅነት ለመክሰስ ፈቃድ ይጠይቃል። ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ተጎጂዎች ደግሞ በአንቀጽ 38 ጥቂቶቹ ሁሉንም ወክለው እንዲከሱ ይፈቀዳል። ሰርገኛ ሁሉ በታመመበት ጉዳይ ይህ ወጪውን ይቀንሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የይርጋ ጊዜው አጭር ነው። በአንቀጽ 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። የውል ይርጋ በመርኅ 10 ዓመት ቢሆንም ለሽያጭ ጉድለት የተለዩ አጫጭር ጊዜያት ስላሉ በእሱ መተማመን አደገኛ ነው።

ጎጂ ምግብ ማምረት፣ ባዕድ ነገር መቀላቀልና መሸጥ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 527 ያስቀጣል። በርበሬ ውስጥ የጡብ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ቀላቅለው ተገኙ የተባሉ ሰዎች በተለያየ ጊዜ በፖሊስ መያዛቸው ተዘግቧል። ተጎጂው በአንቀጽ 101 መሠረት የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል፤ ፖሊስ ማስረጃውን ስለሚሰበስብለትም ይጠቅመዋል። ተከሳሹ ከወንጀሉ ነፃ ቢወጣ የፍትሐ ብሔር ዳኛው በአንቀጽ 2149 በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

አስተዳደራዊው መንገድ ካሳ ባያስገኝም ማስረጃ ያስገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የታሸጉና ከውጭ የሚገቡ ምግቦችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። የምግብ ቤቶች ቁጥጥር በክልልና በወረዳ ጤና መዋቅር በኩል ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ሥራ በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ተፈርዶ ገንዘቡ አለመገኘቱ ሌላ ችግር ነው። ካቲካላ በቤቷ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ወይም ፈቃድ የሌለው ሻይ ቤት በፍርድ ቢረታ የሚያዝና የሚሸጥ ንብረት ላይኖር ይችላል።

በኢትዮጵያ የታወቁ ክስተቶች

በአገሪቱ በጥናት የተመዘገቡት ትላልቅ የምግብ መመረዝ ክስተቶች የካሳ ሕጉ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በወሎ በኤርጎት ሻጋታ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እስከ መበስበስ ደርሶ ነበር፤ በ2001 ደግሞ ተመሳሳይ ሁኔታ በአርሲ ታይቷል። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ በድርቅ ዘመን ጓያ ለብዙ ሳምንታት አብዝተው የበሉ ገበሬዎች እግራቸው ሽባ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ምግቡ በአብዛኛው የራስ እርሻ ምርት ስለሆነ የሚከሰስ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ የተከሰተው የእግር እብጠት በሽታ ግን የተለየ ነው። ምርመራው ምንጩ አርጌሞን በተባለ እሾሃማ አረም ፍሬ የተበከለ የምግብ ዘይት መሆኑን አሳየ። የተሸጠ ዘይት አምራችና ሻጭ ስላለው በአንቀጽ 2085 ሥር ይገባል። ዘይቱ ከብዙ ትናንሽ መጭመቂያዎች ተቀላቅሎ በጀሪካን ሲቸረቸር ግን የትኛው አምራች የትኛውን ሰው እንደጎዳ መለየት ያስቸግራል። ቡሬን በመሰሉ የቅባት እህል በሚቀነባበርባቸው ከተሞች በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የምርት ባች ቁጥር ለተጎጂው ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

በሌሎች አገሮች

በእንግሊዝ ሕግ የዚህ ጉዳይ መነሻ የሆነው ክርክር የተጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1928 በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ ነው። ሜይ ዶናሁ የተባለች ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል መጠጥ ጠጥታ ታመመች፤ ከጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ተባለ። መጠጡን የገዛችው እሷ ስላልሆነች ውል አልነበራትም። የጌቶች ምክር ቤት በግንቦት 1932 አምራቹ ለመጨረሻው ተጠቃሚ የጥንቃቄ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ዶናሁ ግን ቸልተኝነትን ማስረዳት ይጠበቅባት ነበር፤ የኢትዮጵያው አንቀጽ 2085 ከ28 ዓመት በኋላ ሲጻፍ ይህን ሸክም አንሥቶታል።

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በተከሰተው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 1,060 ሰዎች መታመማቸው በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። የባክቴሪያውን ዘረመል ከታማሚዎችና ከምግቡ ወስደው ያነጻጸሩት የአገሪቱ ተመራማሪዎች ምንጩን ፖሎክዋኔ ካለ የተቀነባበረ ሥጋ ፋብሪካ ጋር አገናኙት። በታኅሣሥ 2018 የጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ተጎጂዎቹ በፋብሪካው ባለቤት ታይገር ብራንድስ ላይ በቡድን እንዲከሱ ፈቀደ።